ዳር ዳሩን፣ ያለ ስንዴ

«አንቺማ ምን አለብሽ፣ የጤፍ አገር ሰው ነሽ» ይሉኛል። ግማሹ እውነት ነው። ሕመሜ የሚከለክለኝ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ጤፍ ውስጥ የለም። ግን ጤፍ ብቻውን ገበታ ላይ አይቀርብም። ከወፍጮው፣ ከምጣዱ፣ ከጭልፋውና ከመጥበሻ ዘይቱ ጋር ነው የሚመጣው። የኔ ጣጣ እዚያ ላይ ነው።

ሕመሙን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ሴሊያክ ይባላል። ፋሽን አይደለም፣ ውፍረት ለመቀነስም አይደለም። ግሉተን ሲገባ የሰውነት መከላከያ ተነስቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። አንጀቱ ሲጎዳ የበላነው ምግብ ወደ ደም በደንብ አያልፍም። እኔን ያስመረመረኝ በአይረን ክኒን አልድን ያለ ደም ማነስ ነበር። መድኃኒት የለውም፤ ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ብቻ ነው ያለው። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ አለበት፣ አብዛኛው ግን አያውቀውም። «ከግሉተን ነጻ» ተብሎ የሚታሸግ ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። ይህ ስንት እንደሆነ ለመገመት አትቸገሩ፤ የዳቦ ፍርፋሪ ሳህኔ ላይ ከወደቀ አለቀ።

ይህን አንብቦ ራሱን የጠረጠረ ሰው ካለ ደግሞ ዳቦ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ጋ ይሂድ። ምርመራው በደምና ከአንጀት በሚወሰድ ናሙና ነው፤ ግሉተን አቁሞ የሚሄድ ሰው ውጤቱ ሊያሳስተው ይችላል።

ወደ ጉዞው ልግባ። ታናሽ ወንድሜ የዓመት ፈቃዱን ወጣ፣ እኔም ወጣሁ፣ ሩቅ ለመሄድ ግን ኪሳችን አልፈቀደም። ስለዚህ በየቀኑ አንድ አንድ በር ይዘን ከአዲስ አበባ ዳር እየወጣን ምሳ በልተን ማታ ቤታችን ለመግባት ወሰንን። ወሩ የኅዳር መጀመሪያ ነው፣ ጾመ ነቢያት አልገባም። ዝናቡ ቆሟል፣ አዝመራው ደርሷል። ወንድሜ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሰው ነው፤ እኔን ይዞ ምግብ ቤት መግባት ሼም ይይዘዋል።

ሐሙስ፣ ሱሉልታ

እንጦጦን ተሻግረን ስንወርድ ብርዱ መስኮት አዘጋን። ሜዳው ላይ የሣር ክምር፣ ላሞች፣ የወተት ጀሪካን የጫነ ባጃጅ። ሱሉልታ የወተት አገር ነው፤ ወተት፣ እርጎና አይብ ካለ ደግሞ እኔ ጾሜን አላድርም። (ሕመሙ ገና የታወቀበት ሰው ወተትም ላይስማማው ይችላል፣ አንጀቱ ሲያገግም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የኔ ተመልሷል፣ እሰይ።)

መንገድ ዳር ያለ ቁርስ ቤት ገባን። ሜኑው ግድግዳው ላይ በቀለም ተጽፏል፦ ጨጨብሳ፣ ቅንጬ፣ ፉል፣ ዱለት፣ እንቁላል ፍርፍር። ጨጨብሳው የስንዴ ቂጣ ነው። ቅንጬውም ያው የስንዴ ነው። ፉሉ ዳቦ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የቀረኝ ዱለትና እንቁላል ነው፣ በጠዋት ዱለት ደግሞ አልደፍርም።

«እንጀራው የጤፍ ነው?» አልኳት አስተናጋጇን።

«አዎ እናቴ፣ የጤፍ ነው።»

«ከምን ጋር ነው የተቦካው?»

«እ… ትንሽ ገብስ አለው። እንዲለሰልስ ነው እንጂ ጤፍ ነው።»

ልጅቷ አልዋሸችም። ጤፍ አለበት። ለዚህ ነው «የጤፍ ነው?» የሚለው ጥያቄ የማይረባው፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። ደጋ ላይ ገብስ ይገባበታል፣ ከተማ ውስጥ ሩዝ፣ ሌላ ቦታ ማሽላ፣ ጤፍ በተወደደ ቁጥር ስንዴም ይገባበታል። ሩዝ፣ ማሽላና በቆሎ አይጎዱኝም። ስለዚህ «ከምን ጋር?» ማለት ነው፣ ጥያቄው ቀላል ነው፣ ሰውም አይቀየምም።

እንጀራውን ተውኩት። የተቀቀለ ድንች አላችሁ ስላት አለ አለችኝ። እንፋሎቱ ያልወጣለት ድንች፣ ዳሩ ላይ ሚጥሚጣና ጨው፣ በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል፣ ከዚያ እርጎ በትልቅ ብርጭቆ። እርጎው ማንኪያ ያቆማል። በዚያ ብርድ ከዚህ የተሻለ ቁርስ አላውቅም። ወንድሜ ማር ያፈሰሰበትን ጨጨብሳ እየጎረሰ በዚያው ሹካ እንቁላሌን ሊቀምስ እጁን ሲዘረጋ መታሁት። «ሰው ያየናል» ይላል። ይየና!

ዓርብ፣ የሆለታ መንገድ

እናቴ የሐሙሱን ስትሰማ ጠዋት አገልግል አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ውስጡ የራሷ እንጀራ ነው። ወንድሜ መኪናው ውስጥ ሲያየው «ሽርሽር ነው ወይስ ለቅሶ ቤት ነው የምንሄደው?» አለ። ይሳቅ። ለኔ ዓይነት ሰው ከቤት ውጭ በደንብ የመብያ ዋናው መላ ይህ ነው፤ እንጀራ ይዞ ሄዶ ወጥ ማዘዝ። እስካሁን እንጀራ ይዘሽ ገባሽ ብሎ ያስወጣኝ የለም። ወጡን በሙሉ ሂሳብ እከፍላለሁ፣ እንጀራው ይቀነስልኝ ብዬ አልከራከርም፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ቡራዩን አልፈን፣ የገፈርሳን ውኃ በቀኝ ትተን፣ ከመናገሻ በኋላ አንድ ጠባብ ቤት አገኘን። ባለቤቷ ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ድስት ያማስላሉ። ዓርብ ስለሆነ በየዓይነቱ ነው ያለው። ማድ ቤቱ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ።

«እማማ፣ እኔ ስንዴና ገብስ ከነካኝ እታመማለሁ። ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ውይ ልጄን! ትንሽስ ቢሆን?»

ይህችን «ትንሽስ» አውቃታለሁ። ሁሉም ሰው ይላታል፣ በክፋት አይደለም። ስለ አንጀትና ስለ መከላከያ ሕዋስ ላስረዳቸው አልሞከርኩም።

«እማማ፣ ዛሬ ዓርብ አይደል? የጾም ወጥ ቅቤ በነካ ጭልፋ ያማስላሉ?»

«እግዚኦ! ምን ሆኜ!»

«የኔም ልክ እንደዚያ ነው። ጭልፋው እንኳ ዳቦ ከነካ አይሆንም።»

ሴትዮዋ ቀጥ ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ጭልፋውን አስቀምጠው እጃቸውን ታጠቡ። ሌላ ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከመደርደሪያ ሌላ ጭልፋ አወረዱ፣ እሱንም አለቀለቁት፣ ወጡን ገና ማንም ካልነካው ከድስቱ ወገብ ቀዱልኝ። ውጭ አገር ያሉ ሴሊያኮች ለአስተናጋጅ የሚያሳዩት ካርድ አላቸው፤ «የተለየ ዕቃ፣ የተለየ ዘይት፣ የታጠበ እጅ» የሚል። እኛ አገር ያለ ወጥ ቤት ይህን ሕግ ከልጅነቱ ያውቀዋል። የጾም ድስት አለ፣ የፍስክ ድስት አለ፣ ሁለቱ አይነካኩም። ሙስሊም ቤትም ብትገቡ ዕቃ በዕቃ እንዳይነካካ ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ ታያላችሁ። አዲስ ነገር ማስተማር አያስፈልግም፣ የሚያውቁት ላይ መጨመር ነው።

ደግሞ ሽሮ አማረኝ። «ሽሮው የት ነው የተፈጨው?»

ሳቅ አሉ። «እህሉን እኔ ነኝ የቆላሁት፣ ቅመሙንም እኔ ነኝ። የተፈጨው ግን ያው ወፍጮ ቤት ነው።»

«ወፍጮ ቤቱ ስንዴ ይፈጫል?»

ዝም ብለው አሰቡ። «ይፈጫል። ሽሮውን ተይው ልጄ። ምስሩን ብዪ፣ ክኩን ብዪ፣ ዱቄት አይደሉም።» ለራሳቸው ሽሮ እሳቸው ራሳቸው ፈረዱበት። እኔማ ሳማቸው አማረኝ።

የወፍጮውን ነገር ብዙ ሰው አያስብበትም። ድንጋዩ መሃል የቀድሞው ሰው እህል ይቀራል፤ ከሱ ቀጥሎ የሚፈጨው ዱቄት መጀመሪያው ላይ የሁለት ሰው ዱቄት ነው። እናቴ ጤፏን ይዛ ስትሄድ ቀድሟት የገባው ምን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ስንዴ ከሆነ ተራዋን ለቃ ሌላ ጤፍ እስኪፈጭ ትጠብቃለች፣ ከዚያም የመጀመሪያውን ዱቄት ለብቻ ትይዘዋለች። ሰፈር ውስጥ «ያቺ ሴትዮ» ትባላለች። ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ የተገኘ እንደሆነ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

«በርበሬውስ?» አልኩ ወደ ኋላ ተመልሼ።

«በርበሬ ለብቻው ነው የሚፈጨው። ጤፉ እንዲያቃጥለው የሚፈልግ ማን አለ?» እውነታቸውን ነው።

ቀይ ምስር፣ አልጫ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ስንግ ቃሪያ። የእናቴ እንጀራ ላይ ተደርድሮ መጣ። ምስሩ ቁሌቱ የበሰለ ነው፣ ሽንኩርቱ አይታይም፣ ዘይቱ ዳር ዳሩ ላይ ወጥቷል። ወንድሜ የቤቱን እንጀራ ጨርሶ ወደ አገልግሉ ማየት ጀመረ። አልሰጠሁትም አልልም፣ ሰጠሁት።

ሆለታ ደርሰን ቡና ጠጣን። ቡና ቁርሱ የገብስ ቆሎ ነበር። ሽምብራና ሱፍ ስላለበት ለቅሜ ልብላ ብትሉ አይሆንም፤ አንድ ላይ ነው የተቆላው። ቡናዬን ብቻ ጠጣሁ።

ቅዳሜ፣ ሰበታ

ዛሬ እንጀራም አላስፈለገኝም። ቅዳሜ የክትፎ ነው፣ ክትፎ ደግሞ በቆጮ ነው። ቆጮ ከእንሰት ነው፤ ስንዴ በዞረበት አልዞረም። የጉራጌ እናቶች ለሴሊያክ ሰው ሐውልት የሚያሠራ ሥራ ሠርተዋል፣ እነሱ ግን ይህን ሳያስቡት ነው።

ከዓለም ገና አልፈን የገባንበት ቤት ቅዳሜ ስለሆነ ሞልቷል። ክትፎው በጣባ መጣ፣ እኔ ለብለብ ነው ያዘዝኩት። ቅቤው ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል፣ ጎመኑ ተከትፎ ከአይቡ ጎን። ግን ጣባው ላይ አንድ የዳቦ ቁራጭ ቁጭ ብሏል። ማን አዘዘው? «ስጦታ ነው» አለ አስተናጋጁ።

«ወንድም፣ ዳቦ የነካው አይሆነኝም ብዬህ ነበር።»

«ችግር የለም፣ አነሳዋለሁ» ብሎ እጁን ሰደደ።

የዓርቧን እማማ አስታወስኩ። «ጾመኛ ሰው ቅቤ ያለበት ሽሮ ቢመጣለት ቅቤውን ጠርገህ መልሰህ ታቀርብለታለህ?»

ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሳቀ፣ ጣባውን እንዳለ አንስቶ ሄደ፣ አዲስ አመጣ። የመጀመሪያውን ወንድሜ አስቀርቶ በላው፣ ስለዚህ ሁለት ክትፎ ከፈልን። ቅሬታ የለኝም።

ቆጮውን ልብ ብላችሁ እዩት። ጥሩ ቆጮ ሲቆረጥ አይፈረፈርም፣ ዳሩ ላይ ምጣድ የነካው ቡኒ መስመር አለው፣ ሽታው ኮምጠጥ ይላል። ጠቆም ያለውን የማይወድ አለ፣ እኔ እሱን ነው የምወደው። ምጣዱን መጠየቅ ግን አትርሱ፤ ቆጮ ብቻ የሚጋገርበት ከሆነ ሰላም ነው፣ ድፎ ዳቦም የሚወጣበት ከሆነ ያው ነው። እዚህ ቤት ለብቻው ነበር።

የመጠጥ ነገር። ቢራ የገብስ ብቅል ነው፣ አይሆንም። ጠላም እንደዚያው። ጠጅ ግን ማር፣ ውኃና ጌሾ ነው። ወንድሜ ሹፌር ስለሆነ አምቦ ውኃ ይዞ ተቀመጠ፣ እኔ ብርሌዬን ይዤ ፈታ አልኩ። በሕይወቴ ከሱ የተሻለ የምጠጣበት ቀን ይህ ብቻ ነው።

እሁድ፣ ዱከምና ቢሾፍቱ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወጣን። ዱከም ላይ ሥጋ ቤት ነው። ሥጋው ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ፣ በጣት ታሳያላችሁ፣ ይቆረጣል። ጥሬውን ወንድሜ ወሰደ፣ ለኔ ጥብስ። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ ሶያ ሶስ ታደርጋላችሁ ወይ፣ ብረት ድስቱ ላይ ምን ተጠበሰ። አብዛኛው ሶያ ሶስ ስንዴ አለበት፣ ብዙ ሰው አያውቅም። «ሶያ የት አባቱ! ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሥጋ ሥጋ መልኩን» አለ ባለ ቢላው። በሦስት ደቂቃ የተጨዋወትነው ይኼው ነው። ጥብሱ በሸክላ ማንደጃ ላይ እየተንጫጫ መጣ፣ ከእናቴ እንጀራ ጋር።

ከዱከም ወደ ቢሾፍቱ መንገዱ ዳር ጤፉ ወርቃማ ሆኗል፣ አንዳንዱ ማሳ መታጨድ ጀምሯል። የአድአ ጤፍ የሚባለው ይህ ነው። ደብረ ዘይት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ጤፍ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ «ቁንጮ» የተባለው ነጭ ዝርያ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ከዚያ ነው። መኪና ውስጥ ለወንድሜ አንድ የምወደውን ወሬ ነገርኩት። ስንዴ ለዚህ ሕመም መንስኤ መሆኑን ያረጋገጠው ቪለም ዲከ የሚባል ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። ነገሩን ቀድሞም ይጠረጥር ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ አገሩ ሲራብ፣ ዳቦ ሲጠፋ፣ በዚህ ሕመም የሚሠቃዩት ልጆች ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ጥናቱን በ1950 እ.ኤ.አ. አቀረበ። ከዚያ ደግሞ ጊዜ ሄዶ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት (የብቻ ባለቤትነት መብት) አወጣ፤ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ። «አንዱ ሕመምሽን አወቀልሽ፣ ሌላው መድኃኒትሽን ሊወስድብሽ ነበር» አለ ወንድሜ። አንዳንዴ ጥሩ ይናገራል።

ቢሾፍቱ ላይ ሐይቅ ዳር ያለ ሪዞርት ገባን። ስሙን ልተወው። ሜኑው ሌዘር ሽፋን አለው፣ ከአንዳንዱ ምግብ ጎን «ግሉተን ፍሪ» የሚል ምልክት ታትሟል። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ምልክት ያለበትን የአትክልት ሾርባ አዘዝኩ። መጣ። ወፍራም ነው፣ ማንኪያው ላይ ይለጠፋል።

«ይህ በምን ነው የወፈረው?»

አስተናጋጁ ሄዶ ተመለሰ። «በፍርኖ ዱቄት ነው እመቤት። ግን ትንሽ ነው።»

«ምልክቱ ታዲያ?»

«ሜኑው እንደዚያ ሆኖ ነው የታተመው።»

ዓሣውንም ጠየቅኩ። ዓሣው ዱቄት ተነክሮ ነው የሚጠበሰው። ሳይነከር ይጠበስልኝ አልኩ፣ ይቻላል ተባለ። ዘይቱስ? ሳምቡሳው የወጣበት ዘይት ነው። ሳምቡሳው ስንዴ ነው፣ እንግዲህ ዓሣው ምንም ሳይነከር ቢገባም ስንዴው እዚያ ውስጥ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ፓፓያና ሻይ ይዤ ሐይቁን አየሁ። ሐይቁ ያምራል፣ ሂሳቡ ግን አያምርም። የሆለታ መንገዷ እማማ ወጥ ቤት ሜኑ የለውም፣ ምልክትም የለውም፤ ድስት የምታማስለውን ሴትዮ ግን ፊት ለፊት ትጠይቃታለህ። እዚህ ከሼፉ ጋር ልነጋገር ብል «ስብሰባ ላይ ነው» ተባልኩ። እሁድ ከሰዓት!

ሰኞ፣ ሰንዳፋ

ዛሬ ደክሞናል። ለገጣፎን አልፈን በለገዳዲ በኩል ሰንዳፋ ገባን። እንጀራው አልቋል፣ እናቴ አልጋገረችም። ምሳ ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ሆነ። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ቡና ቤት ቁጭ አልን። ረከቦቱ ፊት የተቀመጠችው ወጣት ሴት ፈንዲሻ ዘረጋችልን፤ ፈንዲሻ በቆሎ ነው፣ እፍኝ ሙሉ አነሳሁ። ከፈንዲሻው ሌላ አለመብላቴን አይታ «ምነው እትዬ፣ ጨጨብሳ አለኝ፣ ልሥራልሽ?» አለችኝ። የጾም ጭልፋዬን ተረኩላት። አሁን በቃሌ ወጥቶልኛል።

«እናቴም ስኳር አለባት፣ ለሷ የጤፍ ቂጣ ነው የምጋግረው» አለች። «ምጣዱን ግን ስንዴም እጋግርበታለሁ። ቀድመሽ ከደወልሽልኝ ለእናቴ ከቤት የማመጣው ትንሽ ምጣድ አለ፣ እሱ ላይ ጤፍ ብቻ ነው። ቅቤውም አዲስ ይከፈታል።»

ስልኳን ተቀበልኩ። ሒሳብ ስትነግረኝ የወተቱን ረስታው ነበር፣ አስታወስኳት።

ከሰንዳፋ ወደ ደብረ ብርሃን ያለውን መንገድ ወንድሜ መቀጠል ይፈልጋል። እሱ የገብስ አገር ነው፤ ጠላው፣ በሶው፣ ጭኮው፣ ገንፎው ሁሉ። ያ ዝግጅት ይጠይቃል፣ ቢያንስ ሁለት አገልግል። ለጊዜው ለሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ደውዬ የጤፍ ጨጨብሳ ለሁለት ሰው አዝዣለሁ። ወንድሜ የራሱን በስንዴ ካልሆነ አልበላም ይላል። ውጭ ቆሞ ይብላ።